ቁራጩ በሐምሌ ለምን ይበሰብሳል?

በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ግቢዎች ክረምት በገባ ቁጥር የሚደጋገም ሥራ አለ። ከጎረቤት አጥር ላይ የሂቢስከስ ወይም የቡገንቪሊያ ዘንግ ይቆረጥና ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ በራሰበት ሰሞን፣ ጭቃ ውስጥ ይሰካል። ሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ትንንሽ ቅጠል አውጥቶ ባለቤቱን ያስደስታል። መስከረም ሲጠባ ግን ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ይነቀላል፤ ታችኛው ጫፉ ጠቁሯል፣ ሥር የሚባል የለውም። ያን ጊዜ ምክንያቱ በሰው ላይ ይደፈደፋል፤ የእገሊት እጅ ለተክል ይሆናል፣ የእገሊት አይሆንም ይባላል። እኔ ግን ጥፋቱ የእጅ አይደለም እላለሁ። ከሞቃት አገር ወደ ደጋ የወጡ የአበባ ቁጥቋጦዎች በቀጨኔ ከፍታ ላይ የሚያጡት ውሃ ሳይሆን ከሥር የሚመጣ ሙቀት ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ውሃ የሚትረፈረፍበት፣ ሙቀት የሚርቅበት ወር ነው። መቀየር ያለባቸው የመቁረጫው ወርና የመትከያው ዕቃ ናቸው። ዕቃውን ደግሞ ቀጨኔ ከማንም ሰፈር በላይ ታውቀዋለች።

ተክልን ከአካሉ ቆርሶ ማባዛት ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። የእንሰት ገበሬ አሚቾውን ሰንጥቆ፣ መሐል ያለውን እምብርት አውጥቶ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከአንድ አሚቾም ብዙ ልጆች ይወጣሉ። የሐረርጌ ጫት አብቃይ ዘር አይፈልግም፤ ከግንዱ ሥር የሚወጡትን ቀንበጦች ነው የሚተክለው። ኮርችን አጥር ማድረግ የፈለገ የደጋ ገበሬ ክንድ የሚያክል ጉቶ ቆርጦ ያቆማል፤ ጉቶው በራሱ ስንቅ ይኖርና ዓመት ሳይሞላው ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅንጭብ የሚተክል ሰው ቁራጩን ወዲያው አይቀብረውም፤ ነጩ ወተት እስኪደርቅና ቁስሉ እስኪሽር ጥላ ውስጥ ያኖረዋል። ግራዋ ደግሞ እንዲሁ ቢሰኩት እንኳ ይበቅላል። በሳይንሱ ዓለምም ቢሆን ከሁሉ የሚታወቀው አገርኛ ምሳሌ የእንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ካስተዋሉ በኋላ ምርምሩ ወደ ምርጥ ዝርያ ፍለጋ ዞረ። ዓይነት 44 የሚባለው እንዶድ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ሳይለወጥ እንዲባዛ የተመረጠው መንገድ ቁራጭ ነበር። የእንዶድ ወንዴና ሴቴ ተክል የተለያየ ነው፤ በዘር የተተከለ ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ከሴቴዋ የተቆረጠ ግን ሴቴነቷን ይዞ ይወጣል።

እነዚህን ልማዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ሕግ አለው፤ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ ገበሬው ያውቃል። ሂቢስከስ፣ ቡገንቪሊያ፣ ፖይንሴቲያ፣ ዱራንታና ሌሎቹ የግቢ አበቦች ግን ከሩቅ የመጡ ናቸው። ተክሉ መጣ፣ ሕጉ ግን አብሮት አልመጣም። ክፍተቱን የሞላው ለሌላ ነገር የወጣ ልማድ ነው። አዲስ አበባ የችግኝ ከተማ ናት። ከ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዘር የመጣ፣ በችግኝ የተስፋፋ ተክል ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻም ሐምሌን የመትከያ ወር አድርጎ በሁሉም ሰው አእምሮ ቀርጾታል። ለችግኝ ይህ ትክክል ነው፤ ችግኝ ሥር አለው፣ የሚፈልገው ውሃ ነው። ሥር የሌለውን ዘንግ በዚያው ወር ጭቃ ውስጥ ማቆም ግን ገና ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ቆሎ እንደ መስጠት ነው።

ቁራጩ ውስጥ የሚሆነውን ነገር መረዳት ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ያቀላል። ቅርንጫፍ ከእናቱ ሲለይ ውሃ የሚያመጣለት መስመር ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ግን መተንፈሱን አያቆምም። ከጫፉ ያሉት ለጋ ቅጠሎችና እንቡጦች ኦክሲን የሚባለውን አሳዳጊ ንጥረ ነገር ይሠራሉ፤ ይህም በልጡ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርድና ቁስሉ ላይ ይጠራቀማል። እዚያ ከልጡ በታች ያሉት ሴሎች እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ፤ ቁስሉ በጠባሳ ይሸፈናል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሥር ይፈነጥቃል። አንጓ አካባቢ ይህ ስለሚቀል ከአንጓ ዝቅ ብሎ መቁረጥ ይመከራል፤ ዘንጉን ገልብጦ የተከለም ሰው የሚከስረው ኦክሲኑ መንገዱን ስለማይቀይር ነው። ነገሩ ታዲያ የሁለት ፍጥነቶች እሽቅድምድም ነው፤ በአንድ በኩል ሥር የመውጣት ፍጥነት፣ በሌላው የመድረቅና የመበስበስ ፍጥነት። ሴል የሚከፋፈልበትን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ከምንም በላይ ሙቀት ነው። ለአብዛኞቹ የሞቃት አገር ቁጥቋጦዎች ሥር የሚወጣበት አፈር ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በታች ሥራው አይቆምም፣ ግን ይጓተታል፤ የሚያበሰብሱት ሻጋታዎች ግን በቅዝቃዜና በርጥበት ውስጥ እንደ ልባቸው ይሠራሉ።

አሁን ወደ ቀጨኔ እንመለስ። ሰፈሩ ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በ100 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ካሰብን፣ ለቦሌ የተነገረ የሙቀት ቁጥር ለቀጨኔ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ መነበብ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ ያንዣብባል፤ ሰማዩ ስለሚዘጋ ፀሐይ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ትታያለች፤ የራሰ ጥቁር አፈር ደግሞ ሙቀት ለመያዝ ቀርፋፋ ነው፣ አየርም አይገባውም። ሥሩ ለመውጣት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ በውሃ የተሞላ ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን የለም። ሐምሌ ላይ የሚታየው አረንጓዴነትና አዲስ ቅጠል ቁራጩ በስንቁ የሚያሳየው የመጨረሻ ጉልበት ነው። በሌላ በኩል ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይ ቢኖራቸውም ሌሊታቸው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። የሚቀረው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ይጠጋል፣ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ይሞቃል፣ የበልግ ዝናብም አየሩን ያረጥባል። መጋቢት መጨረሻ ላይ የተቆረጠ ዘንግ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ሦስት ወር ገደማ አለው፤ ሥሩን ይዞ ክረምቱን ይቀበላል፣ ሐምሌ ላይም እንደ ማንኛውም ችግኝ መሬት ይገባል። ዘመቻውና ልማዱ አይፈርስም፤ ቁራጩ ብቻ ቀድሞ ይዘጋጃል።

ይህ ሕግ ለሁሉም ተክል እኩል አይሠራም። ሂቢስከስ ቸር ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ለጋም ያልሆነ በጣምም ያልጠና ዘንግ፣ ሁለት ቅጠል ቀርተውለት፣ እነሱም በግማሽ ተቆርጠው፣ ሙቀት ካገኘ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ሥር ያወጣል። ዱራንታ ከዚህም ይቀላል። ፖይንሴቲያ የቅንጭብና የቁልቋል ዘመድ ስለሆነ ሲቆረጥ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ እስኪቆም ጫፉን ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። አስቸጋሪው ቡገንቪሊያ ነው፤ ለዚህም ትንሽ መቆየት ይገባል። ይህ ተክል በ1767 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ላይ፣ ከቡገንቪል መርከቦች ጋር በተጓዘው ፊሊቤር ኮሜርሶንና እንደ ወንድ ለብሳ በተከተለችው ዣን ባሬ የተሰበሰበ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከመርከቦቹ አዛዥ ነው። የሙቅ ባሕር ዳርቻ ልጅ ነውና በድሬዳዋና በባሕር ዳር የሚያሳየውን ግርማ ቀጨኔ ላይ ይቀንሳል። እንደ እርሳስ የወፈረ፣ እንጨትነት የጀመረ ዘንግ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሦስት ወርም ሊጠብቅ ይችላል። ሥር ካወጣ በኋላም አደጋው አላለፈም፤ ሥሩ ክር የመሰለና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩ ሲራገፍ አብሮ ይረግፋል። ብዙ ሰው በቅሎለት የነበረውን ቡገንቪሊያ የሚገድለው ሲያዛውር ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ዘንግ መጀመሪያውኑ በየራሱ ዕቃ ተክሎ አፈሩ ሳይነካ ማዛወር ነው።

ዕቃ ካልን ደግሞ ከሸክላ መጀመር አለብን። ቀጨኔ ስሟ ከሸክላ ሠሪ ሴቶችና ከሸማኔዎች ጋር የተቆራኘ ሰፈር ናት። ባለ እጆቹ በሙያቸው ምክንያት ለዘመናት ስድብና መገለል የተሸከሙ ናቸው። የከተማው ሰው ቡና የሚያፈላበትን ጀበና፣ እንጀራ የሚጋግርበትን ምጣድ ከእነሱ እየገዛ ከማዕዱ ያራቃቸው መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍራል። እንስራን የፕላስቲክ ጀሪካን ገፍቶታል፣ ድስትን ብረት ተክቶታል፤ የአበባ ማስቀመጫ ግን አሁንም ይሸጣል። በተክል ዓይን ሲታይ የቀጨኔ ሸክላ ከጌጥነት ያለፈ ዋጋ አለው። በገላጣ ቦታ፣ በእንጨት እሳት፣ ከፋብሪካ ምድጃ ባነሰ ሙቀት ስለሚተኮስ ግድግዳው ረቂቅ ቀዳዳዎች ይቀሩታል። በእነዚህ ቀዳዳዎች አየር ይገባል፣ የተረፈ ውሃ ይወጣል። ጥቁሩ የፕላስቲክ ከረጢት ግን ጎኑ ዝግ ነው፤ ሥር ላለው ችግኝ ይበቃል፣ ሥር ለሚፈልግ ዘንግ ግን በሚያዝያ ዝናብ እንኳ ትንሽ ኩሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ማለፍም አይገባም። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው ላይ በሚተነው እርጥበት አይደለምን? ታዲያ ሙቀት ጠፋ ብሎ የሚከራከር ሰው ቁራጩን በሚያቀዘቅዝ ዕቃ እንዴት ይተክላል? ተቃውሞው እውነት ነው። ብቻውን፣ ነፋስ ላይ የተቀመጠ እርጥብ ሸክላ ከፕላስቲክ ይልቅ ይቀዘቅዛል። መልሱ ከራሱ ከሸክላ ሙያ ውስጥ ይገኛል። አዲስ ምጣድ ወይም ድስት በዘይትና በጎመን ዘር ሲሟሽ ቀዳዳው ይደፈናል። በዓለም የአትክልተኞች ልማድ ለረጅም ጊዜ የኖረ የሁለት ማሰሮ ዘዴ አለ፤ ትልቁ ማሰሮ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ፣ ከታቹ ያልተበሳ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል አሸዋና ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሞላል፤ ቁራጮቹ ዙሪያውን ይሰካሉ፤ ትንሹ ማሰሮ ውሃ ይሞላበታል። ውሃው በትንሹ ግድግዳ በኩል፣ አሸዋው በሳበው መጠን ብቻ ይሰርጋል። የውጪው ማሰሮ ከተሟሸ በጎኑ የሚተን ነገር ስለማይኖር አይቀዘቅዝም፣ የተረፈው ውሃም ከታቹ በተበሱት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ የውስጡ ሳይሟሽ ይቀራል፣ ሥራው ማስረግ ነውና። ከላይ በቀጭን እንጨት የተወጠረ ነጭ ላስቲክ ሲለብስ ደግሞ እርጥበቱ እዚያው ይዞራል፣ ትነቱም ይቀንሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለቀናት የሚበቃ ውሃ የያዘ ማሰሮ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሙቀቱን ለመጨመር ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። በከተማዋ ውስጥ ዛሬም ላም የሚያረቡ ግቢዎች አሉ፤ ትኩስ ፍግ ከገለባ ጋር ተደባልቆ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲከመር ሲብላላ ይግላል። የመጀመሪያው ግለት ሥርን ይገድላልና ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ እጅ ሲችለው ማሰሮውን መደላድል ሠርቶ ማስቀመጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው የድንጋይ ግድግዳም ሌሊቱን የቀኑን ሙቀት ይመልሳል፤ ላስቲክ የለበሰው ማሰሮ ግን ቀን ላይ ጥላ ካልተደረገለት ቁራጩ እንደ ጎመን ይቀቀላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመናዊው ወገን የሚመጣ ነው፤ ችግሩ የሚፈታው ሥር በሚያስወጣ ዱቄት ነው ይላል። ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ሥር እንደሚያስወጣ በ1935 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ የተክል ማባዣ ሙያ ተለውጧል፤ በሺህ ከ1 እስከ 3 እጅ የተቀመመው ዱቄት ቡገንቪሊያን የመሰለ እምቢተኛ ተክል ላይ ልዩነት ያመጣል። ዱቄቱ ግን የሚያበዛው የሥሩን ቁጥርና ዕድል ነው፤ የቀዘቀዘን አፈር አያሞቅም። ለዚህ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ከራሳችን የአበባ ኢንዱስትሪ የተገኘ ነው። ቆቃ አካባቢ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ለአውሮፓ ገበያ ጀራንየምና ፔቱንያን የመሳሰሉ አበቦች እናት ተክሎች ይለማሉ፤ ከእነሱ የሚቆረጠው ዘንግ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን ይሄዳል። ሥር የሚያወጣው ባለቤቱ ነዳጅ እየከፈለ ከሥር በሚያሞቀው የአውሮፓ መስታወት ቤት ውስጥ ነው። ፀሐይና የሰው ጉልበት ከኢትዮጵያ ይገዛሉ፤ የአፈር ሙቀት ግን እዚያው በገንዘብ ይገኛል። ዱቄቱን እንደ ልቡ መግዛት የሚችለው ኢንዱስትሪ ሙቀቱን ካልተወ፣ ለቀጨኔ ግቢ ዱቄቱን ያለ ሙቀቱ ማዘዝ መድኃኒቱን ትቶ ብልቃጡን እንደ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበሽታና ከዘር ጥበት ይነሳል፤ ክብደት የሚሰጠውም ነው። ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ የእናቱን ሕመም ይወርሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ከኬንያ ወደ አሜሪካ የተላከ የጀራንየም ቁራጭ ድንችን ጭምር የሚያጠወልግ ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ ተገኝቶ ብዙ ተክል እንዲወገድ ተደርጓል። አንድ ዓይነት ግልባጭ ብቻ መትከል ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የሙዝ ታሪክ ይመሰክራል፤ ግሮ ሚሼል የሚባለው ዝርያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓናማ በሽታ ከንግድ እርሻዎች ተጠርጓል። ከቤታችንም በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የገለጹት የእንሰት አጠውልግ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍበት ዋና መንገድ የገበሬው ቢላዋ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት የመቁረጥን ሥርዓት ማጥበቅ ነው። ቢላዋው ከአንዱ እናት ወደ ሌላዋ ሲያልፍ በእሳት ወይም በበረኪና ይታጠብ፤ አሸዋው በፈላ ውሃ ይለቅለቅ፤ ቅጠሏ የተዥጎረጎረ እናት አትቆረጥ፤ አጥሩም ከአንድ ቁጥቋጦ ሳይሆን ከብዙ እናቶች ይሠራ። በአጥር በኩል የሚቀበሉት የጎረቤት ዘንግ ከሩቅ አገር ከሚመጣው ይልቅ አንድ ብልጫ አለው፤ እናቱ ቆማ ትታያለች፣ ሕመሟም ይታያል።

የባዕድ አበባ ለምን ይባዛል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና በጌጥነት ገብቶ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት እስከ መውረር ደርሷል። እንዲህ ያለውን ማባዛት ስህተት ነው፣ ምንም ቢያምር። ሂቢስከስና ቡገንቪሊያ ግን በደጋ በራሳቸው ዘር የሚስፋፉ አይደሉም፤ ሰው ካልቆረጣቸው አይራቡም። ከዚህ በላይ ግን ጥያቄው ወደ ተሻለ ቦታ ይመራናል። ከቀጨኔ በላይ ያለው ዳገት የራሱ አበባ አለው፤ ወርቅማው አሜጃ፣ ነጩና መዓዛማው ጠምበለል፣ የጽጌረዳ ዘመድ የሆነው ቀጋ፣ ብርቱካንማው የፈረስ ዘንግ። እነዚህ የብርድ ልጆች ስለሆኑ የአፈር ሙቀት ፍላጎታቸው ከሂቢስከስ ያነሰ ነው፤ ማሰሮው ያለ ፍግም ሊበቃቸው ይችላል። በ705 ሄክታር ላይ ያረፈው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የመሠረቱት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም። ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ታትሞ ያለቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ እያንዳንዳቸውን በስም መዝግቧል። እንግዲህ ለአሜጃና ለጠምበለል የቀረው ከመዝገብና ከጥብቅ ቦታ ወርዶ የሰው በር ላይ መድረስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጫካውን ሳይነቅሉ የሚያደርስ መንገድ ቁራጭ ነው። የተራቆተን ተዳፋት ለመመለስ ግን ዘር ይቀድማል፤ እዚያ የሚፈለገው መለያየት ነውና። ቁራጭ የአጥርና የግቢ መሣሪያ ነው።

የደረሰ ችግኝ ከመንገድ ዳር መግዛት አይቀልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ለአንድ ተክል ይቀላል። ሃያ ሜትር አጥር ግን በአስሮች የሚቆጠር ተክል ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሂቢስከስ ያለ ክፍያ የሚገኙት ሠላሳ ዘንጎች የግቢውን ወጪ ይለውጡታል። ለሸክላ ሠሪዎቹም የሚያመጣው ነገር አለ፤ ጥንድ ማሰሮ አዲስ ዕቃ ነው፣ ዛሬ በገበያ ላይ በዚህ መልክ አይሸጥም። ገዢው ሲያዝ በግልጽ መናገር ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ትልቁ ሰፊ አፍና ከታች ሦስት ቀዳዳ ይኑረው፣ ይሟሽ። ትንሹ ቀጭን ግድግዳ ይኑረው፣ ፊቱ በድንጋይ አይለስልስ፣ ከታቹ ቀዳዳ አይበሳ፣ ጨርሶ አይሟሽ። ቁመታቸው እኩል ይሁን፤ በሁለቱ መካከል አራት ጣት የሚያህል ቦታ ይቅር። የሁለቱ ዋጋ እንደ ጥንድ ይከፈል፤ ትንሹ ሳይለሰልስ በመቅረቱ ሥራው አነሰ ተብሎ ዋጋው አይቀነስ፣ ግድግዳውን እኩል ማቅጠን ከማለስለስ የበለጠ እጅ ይጠይቃልና። ትዕዛዙም ከየካቲት አይለፍ፤ ሸክላው ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ መጋቢት ሳይገባደድ ውሃ መያዝ አለበት።